ቀዝቃዛው ክፍል የጋለበት ሰኞ

ሰኞ ጠዋት የቴፕ ማከማቻው በር ሲከፈት ወደ ውጭ የወጣው አየር የዳቦ ቤት አየር ይመስል ነበር። በሩን የከፈተው የክፍሉ ኃላፊ ጓድ ፍስሃ ነው። አንድ እርምጃ ገብቶ ወዲያው ተመለሰና የኮቱን ቁልፍ ፈታ። ከዚያ መጮህ ጀመረ።

ነገሩ በ1980 ዓ.ም. ግንቦት ላይ፣ ከኦሎምፒያ ወደ አትላስ በሚወስደው መንገድ ዳር በነበረ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው የሆነው። መሥሪያ ቤቱ ድምፅ ያስቀምጣል። ንግግሩም፣ ዘፈኑም፣ የሬዲዮ ትረካውም በትልልቅ ጥቅል ቴፕ ላይ ተቀድቶ በመደርደሪያ ተኮልኩሏል። ቴፕ ሙቀት አይወድም። ስለዚህም ባለፈው ዓመት ከወዳጅ አገር አንድ ዲጂታል መቆጣጠሪያ መጥቶ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ክፍሉ ሲሞቅ ማቀዝቀዣውን፣ ሲቀዘቅዝ ማሞቂያውን ራሱ ያስነሳል፤ ፊቱ ላይ ደግሞ የክፍሉን ሙቀት በቀይ ቁጥር ይጽፋል። በሚመረቅበት ቀን ሪባን ተቆርጦለት ንግግር ተደርጎለታል። ለሰው ያልተደረገ ነገር ለሳጥን ተደርጓል እያሉ ሠራተኞቹ ያሙት ነበር።

ያን ጠዋት ሰው ሁሉ ላብ በላብ ሆኖ ሲራወጥ ሳጥኑ 17 ይላል። ከአጠገቡ የተንጠለጠለው ተራ የብርጭቆ ቴርሞሜትር ግን ሠላሳ አራት ላይ ደርሷል።

ደንቡ ግልጽ ነው። ሙቀቱ ከሠላሳ ካለፈ ቴፖቹ በሙሉ ወደ ምድር ቤት ይወርዳሉ፤ በብረት ፍርግርግ ውስጥ ተቆልፈው የሚቀመጡት የታገዱ ድምፆችም ጭምር። ከጸሐፊ እስከ ዘበኛ ሁሉም እየተቀባበለ አወረደ። ቢቆጠር አንድም የጎደለ የለም። ፖሊስ ሲደርስ ክፍሉ ባዶ ነው፤ ሳጥኑም ልቡ ተመልሶለት እውነቱን ይናገራል፤ 33።

የተላከው መርማሪ ሻምበል መኩሪያ ነበር። መኩሪያ ሰው ሲያናግር ቀስ የሚል፣ ሹም ሲያናግር ደግሞ የባሰ ቀስ የሚል ሰው ነው። በዚህ ምክንያት ባልደረቦቹ ኮሎኔል ሲሆኑ እሱ ሻምበል እንደሆነ ቀርቷል። ለዚያም ብዙ አይከፋም። የሚከፋው በሌላ ነገር ነው። አንድ ልጁ ኃይለሚካኤል ሰሜን ጦር ግንባር ነው፤ ከመጋቢት ወዲህ ደብዳቤው ተቋርጧል። መኩሪያ ማታ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ አፀደ ፊቱን ሳይሆን እጁን ነው የምታየው። ባዶ መሆኑን ስታይ እራት ታቀርባለች።

ጓድ ፍስሃ ጥፋተኛውን አስቀድሞ አግኝቶ ጨርሷል። ይህ ተራ ብልሽት ሳይሆን ኢኮኖሚያዊ አሻጥር ነው፤ የሳጥኑን ምስጢር ቁጥር የሚያውቀው ደግሞ ቴክኒሺያኑ ሙክታር ብቻ ነው አለ። ሙክታር ጅዳ ያለ ወንድሙን ልጠይቅ ብሎ የመውጫ ፈቃድ መለመኑንም አልረሳም። መኩሪያ ገና ደብተሩን ሳያወጣ ሙክታር ታስሮ ነበር። ከሰዓት በኋላ የመኩሪያ አለቃ ኮሎኔሉ ጠርቶ ቁርጡን ነገረው። እስከ አርብ ሌላ ሰው ካልተገኘ ሙክታር ለደህንነት ሰዎች ይሰጣል። ለእነሱ የተሰጠ ሰው ደግሞ የት እንደደረሰ አይጠየቅም።

*

ሙክታር እስር ቤት ውስጥ ከፍርሃቱ ይልቅ ንዴቱ ይታይ ነበር። የተሰደበው እሱ ሳይሆን ሳጥኑ ይመስል ነበር።

«ሻምበል፣ እኔ ክፍሉን ማጋል ብፈልግ ቁጥሩን አርባ ላይ አድርጌ ቤቴ እሄዳለሁ» አለ። «ሳጥኑ ግን ትእዛዙ አልተነካም። ተታለለ እንጂ።»

ሳጥኑ ዓይን የለውም ሲል አስረዳው። ከግድግዳው ላይ የወጣች ጣት የምታህል የብረት ዘንግ አለች፤ ክፍሉ ሞቀም ቀዘቀዘም የምትነግረው እሷ ናት። ዘንጓ በረደኝ ካለች ሳጥኑ ያምናታል፤ ማሞቂያውን ይለቃል። አንድ ሰው ቅዳሜ ዘንጓን አብርዷታል፤ ሰኞ ጠዋት በግርግሩ መሀል ያበረዳትን ነገር አንስቷል።

«በምን ነው የምትበርደው?»

«በበረዶ። ግን በረዶ ምን ያህል ይቆያል? ወዲያው ይቀልጣል። ሁለት ቀን ሙሉ በምን እንደበረደች እኔም አልገባኝም።»

መኩሪያ ሲወጣ የሙክታር ሚስት ሸሪፋ ምሳ ዕቃ ይዛ በር ላይ ቆማለች። ምግቡ ይግባልኝ ብላ አልለመነችም። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከአርብ በኋላ ስንቁን የት ነው የማመጣው አለችው። መኩሪያ አርብ ገና ነው አላት።

*

ከሠራተኞቹ ሁሉ ብዙ ያላወራችው የሺመቤት ናት። ቴፖቹን የምታስቀምጠውና የምታወጣው እሷ ነች፤ ወደ ማከማቻው ከሚገቡት ሦስት ሰዎችም አንዷ። ሌሎቹ ፍስሃና ሙክታር ናቸው። ሠላሳ አምስት ቢሆናት ነው፤ ነጠላዋን ከትከሻዋ አታወርድም። መኩሪያ ያን ቀን እንኳ ሙሉ በሙሉ ባልበረደው ክፍል ውስጥ ግንባሩን እየጠረገ ሲጠይቃት ፈገግ አለች። ይቺ ደግሞ ምን ሙቀት ናት፣ እኔ አዋሽ ነው ያደግሁት አለችው። ቅዳሜ ቆልፋ የወጣችው ሥራ ሲያልቅ ነው፤ ከዚያ እናቷን ስታስታምም ዋለች፤ እሁድም እንደዚሁ። ጎረቤት ተጠይቆ ይኸው ተመሰከረ።

ሊሄድ ሲል ግን እሷ ጠየቀችው።

«ሙክታርን ይመቱታል?»

መኩሪያ በሥራ ዘመኑ ብዙ ሰው ጠይቋል። ያን ቀን የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ ስለ ሳጥኑ፣ ስለ ቴፑ፣ ስለ ራሱ ሲያወራ ዋለ እንጂ ስለ ሙክታር ጀርባ የጠየቀ አልነበረም። እስካሁን አልነኩትም አላት። እስካሁን የምትለዋን ቃል ስትሰማ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች።

*

በማግስቱ ዘበኛው ትዝ አለኝ ብሎ መጣ። ቅዳሜ ጓድ ፍስሃ ከመኪናው ኋላ አንድ ትልቅ የበረዶ ሣጥን ጭኖ ነበር።

መኩሪያ ደስ አለው፤ ሹም ላይ የሚያመለክት ፍንጭ ሁልጊዜ ደስ ይለዋል። ፍስሃን አትላስ አካባቢ ካለ አንድ ቡና ቤት አስጠርቶ ስለ በረዶው ሲጠይቀው ሰውየው አመድ መሰለ። መጀመሪያ በረዶ የሚባል ነገር አላውቅም አለ። ቀጥሎ የቤተሰብ ጉዳይ ነው አለ። በመጨረሻ በሹክሹክታ እውነቱ ወጣ። ቅዳሜ እዚያው ቡና ቤት የአንዲት ወዳጁ ልደት ነበር፤ በረዶው የገባው ቢራ ውስጥ ነው፤ እሱም እሁድ ድረስ ከዚያ ቤት አልወጣም። የቁጠባ ዘመቻውን ለሠራተኛው የሚሰብከው ራሱ ስለሆነ ወሬው እንዳይወጣ ተማጸነ። ከሁሉም የፈራው ግን ፓርቲውን ሳይሆን ሚስቱን ነበር። የቡና ቤቱ ባለቤት፣ ወዳጁና የወዳጁ እህት ሦስቱም አንድ ዓይነት ቃል ሰጡ። መኩሪያ እየሳቀ ወጣ፤ አውራ ጎዳናው ላይ ሲደርስ ግን ሳቁ ጠፋበት። አርብ ቀርቧል፤ በእጁ ያለው ደግሞ የአንድ ሹም ውሽማ ብቻ ነው።

አንድ መጋዘን በር ላይ ከአሰብ ጭነት ያመጣ ፊያት የጭነት መኪና ቆሞ ይራገፋል። ሾፌሩ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ያርፋል። መኩሪያ ጠምቶት ስለነበር ውሃ ጠየቀው። ሾፌሩ ከመኪናው ፊት የተንጠለጠለችውን የሸራ ከረጢት አውርዶ ሰጠው። ሸራው ርሶ ያንጠባጥባል፤ ውሃው ከምንጭ የወጣ ያህል ቀዝቃዛ ነው። የአፋር በረሃን አቋርጦ የመጣ ውሃ ነው ይህ።

መኩሪያ ጠጥቶ ሲያበቃ ከረጢቱን አልመልስ አለ። እርጥቡን ሸራ በመዳፉ ደባበሰ። ኦጋዴን በዘመተ ጊዜ እሱም ኮዳውን በእርጥብ ጨርቅ ይጠቀልል ነበር። ጨርቁ እስካልደረቀ ድረስ ውሃው ይበርዳል። አየሩ በሞቀና በደረቀ ቁጥር ደግሞ ብሶ ይበርዳል። ቆላ የኖረ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ደጋ ያደገው ሙክታር ግን በረዶ እንጂ ሌላ አልታየውም።

*

ወደ ማከማቻው ብቻውን ገባ። መሐረቡን አርሶ ዘንጓ ላይ ጠቀለለ፤ ጫፉን ከሥር ባለው መደርደሪያ ላይ ባስቀመጠው የውሃ ብርጭቆ ውስጥ ነከረ። ጨርቁ ውሃውን ከብርጭቆው እየሳበ ወደ ላይ ወጣ። ሳጥኑ ላይ ቀዩ ቁጥር ቀስ በቀስ መውረድ ጀመረ። ጥቂት ቆይቶ ከግድግዳው ውስጥ ማሞቂያው ሲነሳ ሰማ። አንድ ብርጭቆ ውሃ፣ አንድ ቁራጭ ጨርቅ፤ ሪባን የተቆረጠለት ሳጥን ተታለለ።

ብርጭቆውን ሲያነሳ ከሥሩ ሌላ የደረቀ የውሃ ክብ አየ። ዘንጓ ላይም የነጠላ ክር የመሰለች ቀጭን ነጭ ክር ተጣብቃለች። ምስጢር ቁጥሩን የሚያውቅ ሰው እርጥብ ጨርቅ ምን ያደርግለታል? ይህ ቁጥሩን የማያውቅ፣ ቆላ ያደገ፣ ቅዳሜ መጨረሻ ላይ ቆልፎ የወጣ ሰው ሥራ ነው። ማንነቱን አወቀ። ያላወቀው ለምን እንደሆነ ነው፤ ምንም ሳይጎድል ሰው ለምን ክፍል ያግላል?

መልሱ ደንቡ ውስጥ ነበር። ከሠላሳ ዲግሪ በላይ ከሆነ የብረት ፍርግርጉ ይከፈታል። በሌላ ጊዜ የሚከፍተው የለም።

ምድር ቤት ወርዶ የታገዱትን ቴፖች ሣጥን አንድ በአንድ ገለጠ። ሁሉም ውስጥ ያረጀ ጥቅል አለ፤ አንዱ ውስጥ ግን አዲስ፣ ምንም ያልተቀዳበት ቴፕ ተቀምጧል። ሣጥኑ ላይ «ካሳዬ፣ የእሁድ ጠዋት ትረካ» ይላል።

መኩሪያ መሬት ላይ ተቀመጠ። ካሳዬን በድምፁ ያውቀዋል፤ የከተማው ሰው ሁሉ ያውቀው ነበር። እሁድ እሁድ ድምፁ ሲመጣ ትንሹ ኃይለሚካኤል ቁርሱን ትቶ ሬዲዮው ላይ ጆሮውን ይለጥፍ ነበር። በ1970 ካሳዬን ከቤቱ ወሰዱት፤ ድምፁም አብሮት ተወሰደ። ልጁ ብዙ እሁድ ጠበቀ። ሣጥኑን በእጁ ይዞ መኩሪያ የናፈቀው ካሳዬን ሳይሆን ሬዲዮው ሥር የተቀመጠውን ልጅ ነበር።

ሣጥኑን እንደነበረ ከደነው። ለፍስሃ አልተናገረም።

*

የየሺመቤት ቤት ቦሌ ሚካኤል አካባቢ ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ነው። በሩን ስትከፍትለት ለምን መጣህ አላለችውም። ወደ ጓዳ የሚያስገባውን መጋረጃ ሳብ አድርጋ እናቴ ተኝታለች፣ ቀስ ብለን እናውራ አለች።

ካሳዬ የእናቷ ልጅ ነው። አባታቸው ስለሚለያይ የአባት ስማቸውም ይለያያል፤ በመሥሪያ ቤቱ ዝምድናቸውን ያወቀ ሰው የለም። ሲገደል አስከሬን አልተሰጣቸውም፤ ማልቀስም ተከለከለ። ያን ጊዜ እናታቸው እማማ ፀሐይነሽ አዋሽ ነበሩ። ለቅሶ የማይቀመጡበትን መርዶ ማን ይናገራል? ዘመድ መክሮ ካሳዬ በሱዳን አድርጎ ጀርመን ገባ አሏቸው። አሥር ዓመት ሙሉ ጀርመን ኖረ።

«አሁን ልቧ ደክሟል፤ ሐኪሙም ወደ ቤት ውሰዷት ብሏል» አለች የሺመቤት። «የሌላ ሰው ልጆች ከውጭ ድምፃቸውን በካሴት እየቀዱ ለእናታቸው ይልካሉ፤ እሷ ትሰማለች። የኔ ልጅ ድምፅ የለውም ወይ ትለኛለች። ጠዋት ትጠይቀኛለች፣ ማታ ትጠይቀኛለች። አልቻልኩም ሻምበል።»

ድምፁ የት እንዳለ ታውቃለች። ቴፑ ሳይታገድ በፊት ሰምታዋለች። ካሳዬ ትረካውን ከመጀመሩ በፊት ማይክራፎኑን ሲሞክር ሁልጊዜ እናቱን ያናግር ነበር፤ ስቱዲዮው ውስጥ ያሉት ይስቁበታል። ያች ንግግር ጥቅሉ መጀመሪያ ላይ ሳትቆረጥ ቀርታለች። ሰኞ በግርግሩ መሀል የፍርግርጉን ቴፖች የተሸከመችው እሷ ስለሆነች ደረጃው ላይ በነጠላዋ ሥር ለወጠችው።

ከአልጋ ሥር አንድ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ጥቅሉ ውስጡ ነው፤ አልተሰማም። ማጫወቻ የላትም። ሙክታር አሮጌ ማጫወቻ ጠግኖ ሊያውሳት ቃል ገብቶላት ነበር፤ ለምን እንደሆነ አያውቅም። ሰኞ ጉዳዩ ወደ እሱ ዞሮ ይወስዱታል ብላ አላሰበችም፤ ማሽኑ ተበላሸ ይባላል ብላ ነበር። እሱ ከተወሰደ ወዲህ በየቀኑ ዛሬ አሰማትና እጄን እሰጣለሁ ትላለች፤ የምታሰማበት ግን አላገኘችም።

«ሸሪፋን እስር ቤቱ በር ላይ አይቻታለሁ» አለች። «ሰላም ልላት አልቻልኩም። አርብ ሳይደርስ ይውሰዱኝ። ከቻሉ ግን መጀመሪያ እናቴ ትስማው።»

መኩሪያ ተነሳ። ከቤት እንዳትወጪ ብቻ አላትና ሄደ።

*

ኮሎኔሉ ሪፖርቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። ጥፋተኛ የለም ይላል። የማቀዝቀዣው ቧንቧ አልቦት ዘንጓ ላይ ተንጠባጥቧል፤ የረጠበ ብረት ደግሞ በርዶ ስለሚታይ ሳጥኑ ማሞቂያውን ለቋል። መኩሪያ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ቴርሞሜትር በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ አሳየው። ኮሎኔሉ ፈሳሹ ሲወርድ በገዛ ዓይኑ አየ።

«ጠብታ ነው የምትለኝ?»

«ጠብታ ነው፣ ጓድ ኮሎኔል።»

«ነገ የሰው እጅ አለበት ከተባለ በሙክታር ቦታ የምትገባው አንተ ነህ። ይህን አውቀህ ፈርም።»

መኩሪያ እንደ ልማዱ ቀስ ብሎ ብዕሩን አወጣ። ፈርቷል። ቢሆንም ፈረመ።

ሙክታር ከሰዓት በኋላ ተለቀቀ። ሸሪፋ ምሳ ዕቃውን ይዛ እንደመጣች ባሏን በር ላይ ቆሞ አገኘችው። ምግቡን እዚያው ከፈተችለት፤ እሱም የግቢውን ግንብ ተደግፎ በላ።

*

ጀምበር ሳትጠልቅ መኩሪያ ከጣቢያው የተጠርጣሪ ቃል የሚቀዳበትን ባለ ጥቅል መቅረጫ ተሸክሞ ቦሌ ሚካኤል ደረሰ። የሺመቤት ነጠላዋን አጣፍታ፣ ትንሽ ቦርሳዋን አዘጋጅታ ጠበቀችው። ቃሌን ሊቀዱ ነው አይደል አለችው። መኩሪያ ሙክታር ቤቱ እንደገባ ነገራት፤ ቴፑንም ነገ ሁሉም ወደ ላይ ሲመለስ እንዳወጣሽው መልሺው አላት። እሷ ግድግዳውን ይዛ ዘለግ ላለ ጊዜ አለቀሰች፤ ድምፅ አላሰማችም።

እማማ ፀሐይነሽ በትራስ ተደግፈው ቀና አሉ። ዓይናቸው ደክሟል፤ የመኩሪያን የደንብ ልብስ አልለዩትም። የሺመቤት ጥቅሉን አስገብታ ቁልፉን ተጫነች። መጀመሪያ ሹሹታ መጣ። ከዚያ ያ ድምፅ፣ ምንም ሳያረጅ።

«አንድ፣ ሁለት… ይሰማል? እማዬ፣ ደህና ነሽ? እኔ ደህና ነኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው እንጂ ረስቼሽ አይደለም። አትቀየሚኝ። እመጣለሁ።»

የሺመቤት ትረካው ሳይጀምር አጠፋችው። እማማ ፀሐይነሽ እጃቸውን ዘርግተው ማሽኑን ዳበሱት፤ ሙቀቱን ሲያገኙት መዳፋቸውን እዚያው አኖሩት። ድገሚልኝ አሉ፤ ደገመችላቸው። ድገሚልኝ አሉ፤ ደገመችላቸው። ከዚያ ወደ መኩሪያ ዞሩ።

«አንተ ነህ ያመጣህልኝ ልጄ? አይተኸዋል?»

መኩሪያ የሺመቤትን አየ። እሷ ልትረዳው አልቻለችም።

«አይቼዋለሁ እማማ።»

«ከሳ ወይስ ወፈረ?»

ካሳዬን በአካል አይቶት አያውቅም። የሚያውቀው አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ እሱኑ ነገራቸው። «ረዝሟል። ትንሽ ከስቷል፤ ግን ጠንካራ ነው። ሲስቅ አንገቱን ወደ ግራ ያዘነብላል። ፀጉሩን አሳጥሮታል።»

አሮጊቷ እስኪጨርስ ሰሙት። የእናት ጆሮ ነው፤ የሆነ ነገር ሰምቷል።

«አንተም የራቀህ አለ» አሉት።

«ልጄ። ሰሜን ነው።»

«ይጽፍልሃል?»

«ከመጋቢት ወዲህ አልጻፈም።»

እማማ ፀሐይነሽ ከማሽኑ ላይ እጃቸውን አንስተው የመኩሪያን እጅ ፈልገው ያዙ። መዳፋቸው ሞቋል። «አይዞህ፣ ደህና ነው» አሉ። «መንገድ ርቆት ነው እንጂ። ይኸው የኔ በአሥር ዓመቱ ድምፁ መጣልኝ አይደል? ያንተማ ገና ሁለት ወሩ ነው። ይመጣል።»

መኩሪያ እጁን ሳያላቅቅ አሜን አለ።